ሞንትጎመሪ ላይ ያሸነፈው እግር ነው ወይስ ፍርድ ቤት?

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «አሜሪካ አላባማ ግዛት ሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁሮች በዘር እየለየ በሚያስቀምጥ አውቶቡስ አንሳፈርም ያሉበት አድማ 381 ቀን ከቆየ በኋላ ያለቀው በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። እንደዛ ከሆነ ሕዝቡ ዓመት ሙሉ በእግሩ የተንከራተተው ለምንድነው? ከመጀመሪያውኑ ክስ መሥርተው ቁጭ ብለው ቢጠብቁ ያው አልነበረም?»

ወንድሜ ጥያቄህ ጥሩ ነው። እኔ የንቅናቄ ታሪክ ስለማስተምር ይሄ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣብኛል፣ የሚያመጡት ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥሩ አንባቢዎቹ ናቸው፣ ምክንያቱም ያላነበበው የሚያውቀው ሮዛ ፓርክስ የምትባል ጥቁር ሴት ደክሟት ለነጭ ተሳፋሪ አልነሳም አለች፣ ፓስተሩ ማርቲን ሉተር ኪንግ ንግግር አደረገ፣ ነጮቹ አፈሩ አለቀ የሚለውን ነው። ታሪኩ እንደዛ አይደለም።

መልሴን ቀድሜ ላስቀምጠው። አውቶቡስ ላይ ጥቁርና ነጭን የሚለየውን ሕግ የሻረው ፍርድ ቤት ነው፣ እዚህ ላይ ክርክር የለም። አድማው የከተማውን አስተዳደር አላንበረከከም፣ ይሄንንም መሸፋፈን አያስፈልግም። ግን ክሱ ራሱ የአድማው ልጅ ነው፣ ውሳኔው ከመጣ በኋላም ወረቀት ሆኖ እንዳይቀር ያደረገው የአድማው ሕዝብ ነው። ማስረጃውን ልንገርህ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሰኝ። (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

በመጀመሪያ አድማው ሲጀመር ምን እንደጠየቁ እይ። ሮዛ ፓርክስ የታሰረችው ሐሙስ ዲሴምበር 1 ቀን 1955 ነው፣ አድማው የጀመረው ሰኞ ዲሴምበር 5። ጥያቄዎቹ ሦስት ነበሩ፦ ሹፌሮቹ በአክብሮት ያናግሩን፣ ጥቁር ከኋላ ነጭ ከፊት እየጀመረ ቀድሞ የመጣ ይቀመጥና የተቀመጠን ሰው ማንም አያስነሳው፣ ጥቁሮች በሚበዙበት መስመር ጥቁር ሹፌር ይቀጠር። በቃ ይሄው ነው። መለያየቱ ይቅር የሚል ነገር አልነበረበትም! እንደውም እዛው አላባማ ውስጥ ሞቢል ከተማ ላይ እንዲህ ያለው አቀማመጥ ሲሠራበት ነበር። ሞንትጎመሪ ላይ ግን 36 መቀመጫ ካለው አውቶቡስ የፊተኞቹ 10 ለነጭ የተያዙ ነበሩ፣ ነጭ ተሳፋሪ ባይኖር እንኳን ጥቁሩ ባዶውን ወንበር እያየ ይቆማል። ብሩን ከፊት ከፍሎ፣ ወርዶ፣ በኋላ በር የሚገባውም ብዙ ነው፣ አንዳንዱ ሹፌር ታዲያ ሰውየው እስኪዞር ሳይጠብቅ ይነዳበታል።

ልብ በል፣ ይሄን ትንሽዬ ጥያቄ አስተዳደሩ ቢቀበል ኖሮ ክስ የሚባል ነገር ምናልባት በዚያ ዓመት አይመጣም ነበር። አድማው በድርድር ያልቅ ነበር። እምቢ አሉ። ጃንዋሪ 1956 ላይ ከንቲባው ጌይልና ሁለቱ ኮሚሽነሮች ጭራሽ መለያየቱ እንዳይነካ የሚታገለው የነጮች ማኅበር አባል መሆናቸውን በይፋ ተናገሩ። ጃንዋሪ 30 የኪንግ ቤት በቦምብ ተመታ፣ ሚስቱና ጨቅላ ልጁ ውስጥ ነበሩ፣ አልተጎዱም። በሁለት ቀኑ ፌብሯሪ 1 ወጣቱ ጠበቃ ፍሬድ ግሬይ ክሱን ፌዴራል ፍርድ ቤት አስገባ፣ አሁን ጥያቄው የወንበር አደላደል መሆኑ ቀርቶ ሕጉ ራሱ ይሻር ሆነ። ማለትም ክሱ አድማውን ከዳር ሆኖ የሚያግዝ ሁለተኛ መንገድ ሆኖ አልመጣም፣ አስተዳደሩ በሩን ሲዘጋ ከአድማው ውስጥ ነው የበቀለው።

አሁን «ከመጀመሪያውኑ ቢከሱስ» ወዳልከው ልምጣ፣ እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው። ከመጀመሪያው መክሰስ ይችሉ ነበር እኮ! ከፓርክስ ዘጠኝ ወር ቀድሞ ማርች 2 ቀን 1955 ክሎዴት ኮልቪን የምትባል የ15 ዓመት ተማሪ አልነሳም ብላ በፖሊስ ተጎትታ ወርዳ ታስራለች። ሕጉ ያው ሕግ ነው፣ ጠበቃውም ያው ፍሬድ ግሬይ ነው፣ እሱማ ያኔም መክሰስ ፈልጎ ነበር። መሪዎቹ ግን ልጅ ናት፣ ሕዝቡ አልተዘጋጀም ምናምን ብለው ተዉት። ኦክቶበር ላይ ሜሪ ሉዊስ ስሚዝ የምትባል የ18 ዓመት ልጅ ታሰረች፣ እሱም እንዲሁ አለፈ። ከዛ አድማው መጣ፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ያቺው ኮልቪንና ያቺው ስሚዝ ከኦሬሊያ ብራውደርና ከሱዚ ማክዶናልድ ጋር ከሳሽ ሆነው ቀረቡ። መዝገቡ «ብራውደር እና ጌይል» የሚባለው ለዚህ ነው። በማርች ያልነበረው ምን ነበር? ሕግም ጠበቃም ከሳሽም ሞልቶ ነበር። ያልነበረው ከኋላ የሚቆመው 40 ሺህ ሕዝብ ነው።

ያ ሕዝብ ለምን ያስፈልጋል ካልክ አምስተኛዋን ከሳሽ አስባት። መጀመሪያ አምስት ነበሩ፣ አንዷ በማግስቱ ስሟን አስወጣች፣ ዛቻው ከባድ ነበር። ያኔ አላባማ ውስጥ ስምህን ክስ ላይ ማስፈር ማለት ሥራህን፣ ቤትህን፣ ምናልባትም ሕይወትህን ማስያዝ ማለት ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሕዝብ ባለበት ከተማ አራቱስ ይጸኑ ነበር ወይ? እኔ አይመስለኝም። ሜይ 11 ቀን 1956 ምስክርነት ሲሰማ የከተማው ጠበቃ ሴቶቹ በኪንግ ተገፋፍተው እንጂ በራሳቸው አልመጡም ለማስባል ሲሞክር ኮልቪንን መሪያችሁ ማነው ብሎ አፋጠጣት፣ መሪያችን እኛው ራሳችን ነን አይነት መልስ ሰጠችው። በወቅቱ 16 ዓመቷ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ብቻዋን የታሰረች ልጅ «እኛ» ማለት የጀመረችው ምን ስለተፈጠረ ነው ብለህ ጠይቅ።

(በነገራችን ላይ ፓርክስ ክሱ ውስጥ ለምን የለችም የሚል ሰው ስለማይጠፋ፦ የሷ ጉዳይ በግዛቱ ፍርድ ቤት የወንጀል ይግባኝ ላይ ስለነበር እዛው ተወዝፎ ሊቀር ይችላል፣ ግሬይ ሁለቱ እንዳይደባለቁበት ሆን ብሎ ነው የተዋት። የተፈረደባት 10 ዶላርና 4 ዶላር የፍርድ ቤት ወጪ ነው።)

እሺ፣ አድማው አስተዳደሩን ለምን አላንበረከከም? ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው እዚህ ጋ ነው። አድማው የአውቶቡስ ኩባንያውን አድቅቆታል። ከተሳፋሪው ሦስት አራተኛ ገደማ ጥቁር ነው፣ በአንድ ቀን ጠፋ። ኩባንያው ጃንዋሪ ላይ ታሪፉን ከ10 ሳንቲም ወደ 15 ከፍ አደረገ፣ መስመር ቀነሰ፣ ሹፌር አሰናበተ። የኩባንያው ባለቤት ቺካጎ ያለ ድርጅት ነው፣ ለሞንትጎመሪ የዘር ሥርዓት የሚሞትበት ምክንያት የለውም፣ እና ኤፕሪል 1956 ላይ ከእንግዲህ መለያየቱን አላስከብርም አለ። ምን ሆነ መሰለህ? ከተማው ኩባንያውን ራሱን ፍርድ ቤት ገትሮ መለያየቱን እንዲቀጥል የሚያስገድድ ትዕዛዝ አወጣበት! ኪሱ የተጎዳው ሌላ፣ ሥልጣኑ ያለው ሌላ። ቦይኮት የሚያቅድ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ይሄንን ነው ባይ ነኝ፣ የምትጎዳው ሰው እሺ ቢልህ እንኳን እሺ የማለት መብት አለው ወይ።

ብሪስቶልን አነጻጽር። እንግሊዝ ውስጥ በ1963 የብሪስቶል አውቶቡስ ኩባንያ ጥቁርና እስያዊ በሹፌርነትና በትኬት ቆራጭነት አልቀጥርም ሲል እነ ፖል ስቲቨንሰንና ሮይ ሃኬት አድማ ጠሩ። እዛ ቅጠር አትቅጠር የሚለው ውሳኔ የኩባንያው ነው፣ የሠራተኛ ማኅበሩም እጅ ነበረበት፣ አስገዳጅ ሕግ ግን አልነበረም። ኤፕሪል መጨረሻ ተጀምሮ ኦገስት 28 አለቀ፣ አራት ወር፣ ያለ ምንም ፍርድ ቤት። የዘር መድልዎን የሚከለክል ሕግ ራሱ ገና አልነበራቸውም፣ የመጀመሪያው የወጣው በ1965 ነው። ሞንትጎመሪ ላይ ግን መለያየቱ ሕግ ነው፣ ሕግ አውጪዎቹን ደግሞ ጥቁሩ ሕዝብ በድምፁ ማውረድ አይችልም ምክንያቱም እንዳይመዘገብ ተደርጓል። ስለዚ አውቶቡሱን የሚከፍት ቁልፍ የነበረው ከከተማውም ከግዛቱም በላይ ፌዴራል ፍርድ ቤት ነበር።

አሁን ደግሞ ስለ መራመዱ። 381 ቀን ሁሉም ሰው በእግሩ ሄደ የሚባለው ልክ አይደለም፣ ብዙ ሰው ሄዷል ግን ሥራው የተያዘው በመኪና ነው። መጀመሪያ ጥቁር ታክሲ ነጂዎች እንደ አውቶቡሱ 10 ሳንቲም እያስከፈሉ ጫኑ። ከተማው ዝቅተኛው የታክሲ ዋጋ 45 ሳንቲም ነው የሚል ደንብ አንስቶ ያስር ጀመር። ያኔ ኪንግ ሉዊዚያና ግዛት ባተን ሩዥ ከተማ ላለው ፓስተር ጄሚሰን ደወለ፣ እነሱ በ1953 ተመሳሳይ አድማ አድርገው መኪና የመጋራት ዘዴ ሠርተው ነበር፣ ዘዴውን ወስደው አስፋፉት። 300 ያህል የግል መኪና፣ ጠዋት ሰው የሚሰበሰብባቸው መነሻዎች፣ ማታ ደግሞ መመለሻ፣ በተማከለ ስምሪት። ፖስተኞች ነበሩበት መስመር በማውጣቱ፣ ከተማውን መንገድ በመንገድ የሚያውቅ ከነሱ በላይ የለማ። ቤንዚኑ የሚሸፈነው ሰኞና ሐሙስ ማታ ቤተክርስቲያን ውስጥ በሚደረገው ስብሰባ ከሚዋጣው ነው፣ በኋላ ከሌላ ከተማም ከውጭ አገርም ገንዘብ ገባ።

ጆርጂያ ጊልሞርን ሳላነሳ አላልፍም። ምግብ አብሳይ ናት፣ ኪንግ በአድማው ተከሶ ሲቀርብ ለሱ ስለመሰከረች ከሥራዋ ተባራለች። ኬክና ዶሮ ሳንድዊች እየሠሩ የሚሸጡ ሴቶች አደራጀች፣ አንዳንዶቹ ነጭ ቤት የሚሠሩ ስለሆኑ ስማቸው ቢታወቅ ይባረራሉ፣ ስለዚ ቡድኑን «ከየትም ያልሆነ ክለብ» አለችው፣ ገንዘቡ ከየት መጣ ሲባል ከየትም። ነጩም ሳያውቅ ኬኩን ይገዛል፣ ብሩ ቤንዚን ይሆናል። ሌላው የሚያስቀኝ ነገር ደግሞ ብዙ ነጭ የቤት እመቤቶች ሠራተኞቻቸውን በመኪናቸው እየሄዱ ያመጡ ነበር፣ ከንቲባው ተዉ አድማውን እያገዛችሁ ነው ብሎ ቢለምን ቢቆጣ የሚሰማው አላገኘም፣ ልብሱን ማን ይጠብ።

ከተማው ይሄን ሥርዓት ለመስበር ያልሞከረው የለም። ሹፌሮችን በትንሽ በትልቁ መቅጣት፣ ኪንግ ራሱ ጃንዋሪ 26 ላይ 25 ማይል በሚፈቀድበት 30 ነዳህ ተብሎ እስር ቤት ገብቷል። ፌብሯሪ ላይ በ1921 የወጣ የጸረ ቦይኮት ሕግ ከመደርደሪያ አውርደው ወደ 90 የሚጠጉ ሰዎችን ከሰሱ። ለቤተክርስቲያናት የተገዙትን መኪኖች ኢንሹራንስ አሰረዙ፣ አንድ አትላንታ ያለ ጥቁር የኢንሹራንስ ወኪል ከለንደኑ ሎይድስ ኢንሹራንስ አገኘላቸው። አላባማ ውስጥ የዘጉትን በር ለንደን ሄደው አስከፈቱት ማለት ነው።

ፌዴራል ፍርድ ቤቱ ጁን 5 ቀን 1956 ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ ሕጉ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ። ከተማው ይግባኝ አለ፣ አድማው ቀጠለ። ከዛ መጨረሻ ላይ ከተማው መድኃኒቱን አገኘው፣ መኪና መጋራቱ ፈቃድ የሌለው የትራንስፖርት ድርጅት ነው፣ ይታገድልኝ፣ ከአውቶቡስ ገቢ የማገኘው ታክስም ስለቀረብኝ ካሳ ይከፈለኝ አለ። ኖቬምበር 13 ኪንግ ተከሶ ችሎት ቁጭ ብሏል፣ እንደሚሸነፉ ያውቃል። እረፍት ላይ አንድ ጋዜጠኛ ብጣሽ ወረቀት ይዞለት መጣ፣ ዋሺንግተን ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጁኑን ውሳኔ አጽንቷል። ዳኛው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ እገዳውን በዚያው ቀን ሰጠ።

ጥያቄህ ከባድ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው፣ ሳልደብቅ ልንገርህ። ውሳኔው ስድስት ወር ቢዘገይ ኖሮ አድማው በእግር ብቻ ይቆም ነበር ወይ? ፍሎሪዳ ታላሃሲ ከተማ ላይ በዚያው ዓመት የተጀመረ ተመሳሳይ አድማ መኪና መጋራቱ በክስና በቅጣት ተሰብሮበታል። ስለዚ ፍርድ ቤቱ በሰዓቱ ደርሶላቸዋል የሚለው ትክክል ነው። ግን ደግሞ እይ፣ እገዳው ከወጣበት ኖቬምበር 13 ጀምሮ ትዕዛዙ ሞንትጎመሪ እስከደረሰበት ዲሴምበር 20 ድረስ ያለ መኪና፣ አሸንፈው እያሉ፣ አውቶቡሱ ባዶውን ባጠገባቸው እያለፈ፣ ከአምስት ሳምንት በላይ አልተሳፈሩም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ቤተክርስቲያን ውስጥ ወንበር እንደ አውቶቡስ ደርድረው ልምምድ ያደርጉ ነበር። አንዱ ሹፌር ይሆናል፣ አንዱ ተሳዳቢ ነጭ ይሆናል፣ ሌላው ገብቶ ይቀመጣል፣ ይሰደባል፣ ይገፈተራል፣ ሕዝቡ እያየ ያርማል። ነጭ የሆነው ተዋናይ አንዳንዴ ነገሩን የምር እያደረገው ማስቆም ያስፈልግ ነበር። ወረቀትም ታደለ፣ አትፎክሩ፣ ሌላ ወንበር ካለ ሆን ብላችሁ ነጭ አጠገብ አትቀመጡ፣ ቢሰድቧችሁ አትመልሱ የሚል።

ቁጭ ብሎ የጠበቀ ሕዝብ ይሄን ልምምድ ከየት ያመጣል?

ደግሞ ሕዝብ የሌለው ውሳኔ ምን እንደሚሆን መገመት አያስፈልገንም፣ ተሞክሮ ታይቷል። በ1946 አይሪን ሞርጋን የምትባል ሴት ጉዳይ ላይ ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከግዛት ግዛት በሚሄድ አውቶቡስ ላይ መለያየት አይቻልም ብሎ ወስኗል። ከሞንትጎመሪ አሥር ዓመት በፊት! ደቡቡ እንዳልሰማ ሆኖ ቀጠለ። በ1961 የነጻነት ተጓዦች የተባሉት ጥቁርና ነጭ ታጋዮች ያንን መብት ይዘው አብረው ሲሳፈሩ አላባማ አኒስተን ላይ አውቶቡሳቸው ተቃጠለ፣ እዛችው ሞንትጎመሪ መናኸሪያ ላይ ሜይ 20 በዱላ ተቀጠቀጡ። መንግሥት ደንቡን የምር ያስከበረው ከዛ በኋላ ነው፣ 15 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። በተቃራኒው ፍርድ ቤት የሌለው አድማ ደግሞ ባተን ሩዥ ነው፣ ሳምንት ገደማ ቆይቶ በስምምነት አለቀ፣ የፊት ሁለት ወንበር ለነጭ፣ የኋላው ለጥቁር፣ መሐሉ ለቀደመ። ሞንትጎመሪ መጀመሪያ የጠየቀውን የሚያክል ነገር አገኙ፣ መለያየቱ ግን አልተነካም።

አውቶቡስ ላይ የመለያየት ሕግ ሞንትጎመሪ ባይኖርስ ይወድቅ ነበር ወይ ካልከኝ አዎ፣ ይዋል ይደር እንጂ ይወድቅ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1954 ትምህርት ቤት ውስጥ መለያየትን ከከለከለ በኋላ አቅጣጫው ግልጽ ነው፣ እንደውም ጁላይ 1955 ላይ፣ ፓርክስ ሳትታሰር፣ በደቡብ ካሮላይናዋ ሳራ ሜ ፍሌሚንግ ክስ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መለያየቱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ነበር። ስንቱ ስሟን ያውቃል? የሷ ጉዳይ ሕግ ነክቷል፣ ከተማ ግን አላንቀሳቀሰም።

ዲሴምበር 21 ቀን 1956 ተሳፈሩ። በሳምንቱ አውቶቡሶች ላይ መተኮስ ተጀመረ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ሁለት እግሯን ተመታች፣ የማታ አገልግሎት ተቋረጠ። ጃንዋሪ 10 ቀን 1957 በአንድ ሌሊት አራት ቤተክርስቲያንና ሁለት ቤት በቦምብ ተመታ። አዲሱ አቀማመጥ ግን ወደኋላ አልተመለሰም፣ ምክንያቱም ዓመት ሙሉ የተለማመደ ሕዝብ ነው የተሳፈረው።

«ክስ ብቻውን ይበቃ ነበር» ለሚል ሰው እኔ የምሰጠው የመጨረሻ ማስረጃ እዛው ከተማ ውስጥ ነው። ያቺ ኬክ ሻጯ ጊልሞር አድማው ካለቀ በኋላ ልጇ ለነጭ ብቻ በተባለ መናፈሻ አቋርጦ ሲያልፍ በፖሊስ ተደበደበባት፣ እና በ1958 ከሌሎች ጋር ሆና ከተማውን ስለ መናፈሻዎቹ ከሰሰች። ከተማው የሚመጣውን አውቆ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1959 ጀምሮ መናፈሻዎቹን በሙሉ ለነጩም ለጥቁሩም ዘጋቸው፣ የእንስሳት ማቆያውም ቀረ። ፍርድ ቤቱ በዚያው ዓመት ለከሳሾቹ ወሰነ። መናፈሻ ደግሞ ቦይኮት አይደረግም፣ ሲዘጋ ኪሱ የሚራቆት ኩባንያ የለም። እስከ 1965 ድረስ ተቆልፈው ቆዩ።